የጨረቃ ሰዓት ምኗ ነው የሚስበው? ለሐረሩ ልጅ ጥያቄ ረዘም ያለ መልስ

ጥያቄው ባጭሩ እንዲህ ነው፣ ሐረር ያለ ልጅ ነው የጠየቀው። አጎቱ ከውጭ ሲመጣ ፊቷ ላይ ጨረቃ ያለባት የእጅ ሰዓት ይዞለት መጣ፣ ታምራለች ግን ስልኬ ላይ ሁሉ ነገር እያለ ሰው ይቺን ለምን ያደርጋታል ምኗ ነው የሚስበው ይላል፣ በዛ ላይ የሷ ጨረቃ ከሰማዩ ጋር አትገጥምም ተበላሽታ ይሆን ወይ፣ ብትስተካከልስ ረመዳን መግባቱን በሷ ማወቅ ይቻላል ወይ። እኔ እዚሁ ድሬ ሰዓት በመጠገን ነው የምኖረው፣ እንዲህ አይነት ሰዓት ጠረጴዛዬ ላይ ሲመጣ ቀኔ ያምራል፣ ስለዚህ ወንድሜ ትንሽ ታገሰኝና ሁሉንም ልንገርህ።

ከመሳቧ ልጀምር፣ ሌላው ከሱ ነው የሚመጣው። ሰዓትህን አውጣና ፊቷን አንዴ በደንብ እያት። ቆጣሪዎቹ የፈረንጅ ሰዓት ነው የሚያሳዩህ፣ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ 7 ይላሉ፣ ወይ በኛ ሞልተህ ታስራታለህ ወይ ደሞ ተቃራኒውን ቁጥር እያነበብክ ትኖራለህ። ቀን የምታሳየው ትንሿ መስኮት እስከ 31 ነው የምትሄደው፣ የኛ ወር 30 ነው፣ ጳጉሜን ጭራሽ አታውቃትም፣ አንተ እንኳን አደረሰህ ስትባል መስከረም 1 ላይ እሷ 11 ብላ ቁጭ ትላለች። የሳምንቱ ቀን ካለባት እሱም በእንግሊዝኛ ነው። እና አስበው፣ ከደቂቃና ከሰከንዱ ሌላ እዛች ሰዓት ላይ ካለው ነገር ሁሉ ሳትደምር ሳትቀንስ እንዳለ ላንተ የሚሆነው ጨረቃዋ ብቻ ነች። ጨረቃ ስትሞላ ጄኔቭ ላለውም ጀጎል ውስጥ ላለውም እኩል ነው የምትሞላው፣ ሒጅራ የሚቆጥረውም ባሕረ ሐሳብ የሚያሰላው መሪጌታም ፈረንጁም አንዷኑ ጨረቃ ነው የሚያዩት። ስዊዞቹ እኛን አስበው አልሰሩትም፣ ግን ሰዓት ላይ ካስቀመጡት ነገር ሁሉ ለዚህ ሀገር ሰው ከምንም በላይ የሚገጥመው እሱ ሆነ። ሰው ለምን ያደርጋታል ሲሉኝ መጀመሪያ የምለው ይሄን ነው፣ ውበቷ ሁለተኛ ነው።

ደሞ እኛ ጋ ጨረቃ እስካሁን ሥራ ላይ ነች እኮ። ፆሙ በሷ ይገባል በሷ ይወጣል፣ አረፋም በሷ ነው፣ እናንተ ጋ ሹዋሊድ ሲደርስ፣ ያው ከረመዳን በኋላ ያለው የስድስት ቀን ፆም ሲያልቅ፣ ዩኔስኮ በ2023 እ.ኤ.አ. የመዘገበው ማለቴ ነው፣ ያኔ ሰዓትህን ብታይ ጨረቃዋን ግማሽ ገደማ ሆና ነው የምታገኛት፣ በዓሉ በፈረንጅ በየትኛውም ወር ላይ ይዋል ሁሌም እንደዛው ነች። ፋሲካም አበቅቴና መጥቅዕ በሚባሉት የባሕረ ሐሳብ ቁጥሮች ነው የሚወጣው፣ ሁለቱ ሲደመሩ 30 የሚመጡት የጨረቃ ወር ስለሆነ ነው፣ ዑደቱ በ19 ዓመት የሚዘጋውም 19 ዓመት ውስጥ 235 የጨረቃ ወር ስለሚገባ ነው፣ ልዩነቱ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ብቻ ነው። ይሄን ሁሉ አባቶቻችን ያለ ማሽን ነው የያዙት። እና አንድ የሐረር ልጅ ጨረቃ እጁ ላይ ቢያስር ጌጥ ብቻ ነው ብዬ ማለፍ አልችልም።

ስልክ አለኝ ላልከው፣ አዎ፣ አፑ ከሰዓትህ የበለጠ ያውቃል፣ መውጫ መግቢያዋን በደቂቃ ይነግርሃል። ግን ይሄ ክርክር አዲስ እንዳይመስልህ። ሴይኮ በ1969 እ.ኤ.አ. (ከዚህ በኋላ የምጠራው ዓመት ሁሉ እንደዛው ነው) የመጀመሪያውን የኳርትዝ፣ ያው የባትሪ፣ የእጅ ሰዓት ለገበያ ካወጣ በኋላ በትክክለኛነት በኩል የሚሞላው፣ በስፕሪንግ የሚሄደው ሰዓት ነገር አከተመ፣ ባትሪው በርካሽ ያሸንፈዋል፣ ስዊዘርላንድ ውስጥ ስንቱ ፋብሪካ ተዘጋ። ታዲያ ብላንፓ የሚባለው የድሮ የስዊዝ ሰዓት ስም እንደገና ሲነሳ በ1983 ይዞ የመጣው ምንድነው? ቀን፣ ወርና ጨረቃ ያለበት የሚሞላ ሰዓት። ጨረቃዋም አፍንጫና ከንፈር ያላት፣ ፊት ያላት ጨረቃ ነች። ሰዓት ለማወቅ ማንም የማይፈልገውን ነገር ነው መርጠው ያወጡት እና ሰው ገዛ፣ ያ የእጅ ስራ እንዳይሞት ካደረጉት ነገሮች አንዱ እሱ ነው ብዬ አምናለሁ። ከዛ በፊትም ቢሆን ፓቴክ ፊሊፕ የሚባለው የስዊዝ ሰዓት ሰሪ በ1898 ለሴት የአንገት ሰዓት ብሎ የሰራውን ማሽን በ1925 የእጅ ሰዓት ውስጥ ሲያስገባው፣ ቀንና ወሩን ራሱ የሚያስተካክል የመጀመሪያው የእጅ ሰዓት ሲሆን፣ እሱም ላይ ጨረቃ ነበረችበት። ወደኋላ ከሄድክ ማለቂያ የለውም፣ ግሪክ ባህር ውስጥ ከሰመጠ መርከብ በ1901 የወጣው አንቲኪቴራ የሚባለው የነሐስ ማሽን ከ2000 ዓመት በላይ ነው ዕድሜው፣ እሱም ግማሿ ነጭ ግማሿ ጥቁር የሆነች እየዞረች የጨረቃን መልክ የምታሳይ ትንሽ ኳስ ነበረችው። ሰው ጥርስ ያለው ጎማ መቁረጥ ከቻለበት ጊዜ ጀምሮ ጨረቃን ማስገባት ፈልጓል ማለት ነው።

አሁን ከፊቷ ስር ምን እንዳለ ልንገርህ፣ እኔን የያዘኝ እዛ ጋ ነው። ፊቷን ስታነሳው አንዲት ስስ ዲስክ አለች፣ ሰማያዊ የተቀባች፣ ኮከብ የተነጠበባት፣ እላይዋ ላይ ያለው ግን አንድ ጨረቃ አይደለም ሁለት ነው፣ ትይዩ ሆነው። ዙሪያዋን 59 ጥርስ አላት። ጎኗ ደሞ በ24 ሰዓት አንዴ የምትዞር ጎማ አለች፣ እሷ ላይ ያለች ጣት የመሰለች ብረት በቀን አንዴ መጥታ ዲስኳን አንድ ጥርስ ገፋ ታደርጋታለች፣ አንዲት ፀጉር የምታክል ስፕሪንግ ጥርሱ መሃል ገብታ እንዳትንሸራተት ትይዛታለች፣ በቃ ይሄው ነው። በማጉያ መነፅር እያየህ ቆጣሪውን ቀስ እያልክ ስታዞር ጣቷ ጥርሱን ትነካለች፣ ስፕሪንጓ ተነስታ ጫፉ ላይ ትቆማለች፣ ለትንሽ ጊዜ ምንም የሚሆን አይመስልም፣ ከዛ ጠቅ ብላ ቀጣዩ ውስጥ ትወድቃለች፣ ጨረቃዋም ከግራው ጉብታ ስር ትንሽ ወጣ ትላለች። የመስኮቷ ግራና ቀኝ ያሉት ሁለት ጉብታዎች ናቸው ማጭድ፣ ግማሽ፣ ሙሉ የሚያስመስሏት፣ ዲስኳ ራሷ ሁሌም ሙሉ ጨረቃ ነው ያለባት።

59 ከየት መጣ ካልከኝ 29 ሲደመር 30 ነው። በስሌት የሚሄደው ሒጅራ አንዱን ወር 30 አንዱን 29 እያደረገ ነው የሚሄደው አይደል፣ ሰዓቷም ያንኑ ነው የምታደርገው፣ በ59 ቀን ሁለት ጨረቃ፣ ለአንዷ 29 ቀን ተኩል። ግን እውነተኛው የጨረቃ ወር በአማካይ 29 ቀን ከ12 ሰዓት ከ44 ደቂቃ ነው። ያቺ 44 ደቂቃ ናት ጉዳዩ ሁሉ። በ12 ወር ብታባዛት 528 ደቂቃ፣ በ30 የሒጅራ ዓመት ስትጠራቀም 11 ቀን። እና በስሌቱ ሒጅራ በየ30 ዓመቱ ውስጥ 11ዱ ዓመታት በ354 ፈንታ 355 ቀን የሚሆኑት ለዚህ ነው፣ ሊቃውንቱ ያቺኑ 44 ደቂቃ ነው የከፈሉት። ይሄን መጀመሪያ ደምሬ ሳየው ለረጅም ጊዜ ከጭንቅላቴ አልወጣም፣ የኔ ጠረጴዛ ላይ ያለችው 59 ጥርስና የሸኾቹ መዝገብ አንድ ሒሳብ ናቸው። ፓርሚጃኒ የሚባለው የስዊዝ ሰዓት ሰሪ በ2020 ያንን የ30 ዓመት ዑደት ራሱን ጥርስ አድርጎ ሒጅራ የሚቆጥር የእጅ ሰዓት ሰርቷል፣ ወሮቹ በአረብኛ የተፃፉበት።

ያንተ ሰዓት ግን ቀን የምትጨምርበት ነገር የላትም፣ ስለዚህ ከሰማዩ ትቀድማለች፣ በዓመት 9 ሰዓት ገደማ፣ በ2 ዓመት ከ7 ወር ገደማ አንድ ሙሉ ቀን። ስትቀድም መፍትሄው ቀላል ነው፣ አንድ ቀን አውልቀህ አሳርፋት፣ የምትሞላ ከሆነች እስክትቆም ጠብቀህ አንድ ቀን አስተኛት፣ የባትሪ ከሆነች መሙያዋን፣ ጎኗ ላይ ያለችውን የምትዞር ቁልፍ፣ ስበህ 24 ሰዓት አቆያት፣ ሰማዩ ይደርስባታል። 135 ጥርስ ያላቸው አሉ፣ እነሱ አንድ ቀን ለመሳሳት 122 ዓመት ይፈጅባቸዋል፣ ላንገ የሚባለው የጀርመኑ ሰዓት 1058 ዓመት የሚሄድ ሰርቷል፣ ስትሬለር የሚባል ስዊዛዊ ደሞ በ2014 ከ2 ሚሊዮን ዓመት በላይ የሚል ነገር አወጣ። ጥበቡ ያስደንቀኛል፣ ከልቤ። ለመልበስ ግን 59ኟ በቂ ነች እላለሁ፣ ምክንያቱም ማንም ሰው ሰዓቱን 122 ዓመት ሳያቆም አያደርግም፣ በየተወሰነ ዓመቱ ተከፍታ መፀዳት መቀባት አለባት፣ ስትቆም ደሞ ለማንኛውም ጨረቃዋን እንደ አዲስ ነው የምታስተካክላት።

ተበላሽታ ይሆን ላልከው መጀመሪያ እውነት የጨረቃ ሰዓት መሆኗን ቼክ አድርግ። እኔ ጋ ጨረቃዋ ተበላሸች ተብሎ የሚመጣው ብዙው የጨረቃ ሰዓት አይደለም። ለምሳሌ ኦሪየንት ሰን ኤንድ ሙን የምትባለዋ ቆንጆ ሰዓት አለች፣ ፀሐይና ጨረቃ ተስሎባታል ግን እሷ ቀንና ሌሊት ነው የምታሳየው፣ በ24 ሰዓት አንዴ ትዞራለች፣ ከሰማዩ ጨረቃ ጋር ምንም አያገናኛትም። በዛ ላይ ባለቤቷ በሐበሻ ሰዓት ሞልቷት ከሆነ ፀሐይዋ ጎህ ሲቀድ አናት ላይ ትወጣና መግሪብ ላይ ጨረቃዋ አናት ላይ ትሆናለች፣ ወይ ደሞ ተገልብጣ ፀሐይዋ መግሪብ ላይ አናት ላይ ነች። ማሽኑ ምንም አልሆነም፣ በስድስት ሰዓት ስለተሸጋሸገ ነው። መለያው ይሄ ነው፣ መሙያዋን ስበህ አጭሯን ቆጣሪ ወደፊት ሁለት ዙር አዙራት። ዲስኳ ሙሉ ከዞረች የቀንና ሌሊት ነች። ጠቅ ብላ አንድ እርምጃ ብቻ ከሄደች እውነተኛዋ ናት። ቀለም ብቻ ሆና ጭራሽ የማትንቀሳቀስም ታጋጥማለች፣ ለሷ የምመክርህ የለኝም።

እውነተኛዋ ሆናም ቀና ብለህ ስታያት ላትመስልህ ትችላለች፣ ይሄ ደሞ የሷ ጥፋት ሳይሆን የሀገራችን ነው። ሰዓቷ የተሳለችው አውሮፓ ሆኖ ለሚያይ ሰው ነው፣ እዛ አዲሷ ጨረቃ ወደ ጎን ቆማ ቀኟ ያበራል፣ ስትከሳ ደሞ ግራዋ። ሐረርና ድሬ ከምድር ወገብ 9 ዲግሪ ከምናምን ነው ያሉት፣ ስለዚህ እኛ ጋ አዲሷ ጨረቃ ብዙውን ጊዜ እንደ ጎድጓዳ ሳህን በጀርባዋ ተንጋላ ቀንዶቿን ወደ ላይ አድርጋ ነው የምትታየው፣ እንደ ወሩ ትንሽ ታዘነብላለች እንጂ። ሰዓቷ ቀኝና ግራ እያለች የምትለይልህን አንተ በሰዓቱ ነው የምትለየው፣ ማታ ፀሐይ በገባችበት በኩል ካየሃት እያደገች ነው፣ ሊነጋ ሲል በምሥራቅ ካየሃት እያለቀች ነው፣ ሁለቴም ብርሃኗ ፀሐይ ወዳለችበት ነው። አንዴ ይሄን ከለመድክ የሰዓትህ ጨረቃ ሌላም ትነግርሃለች። ሙሉ ከሆነች ማታ 12 ሰዓት አካባቢ ትወጣለች፣ እያደገች ግማሽ ላይ ከደረሰች ፀሐይ ስትገባ አናትህ ላይ አካባቢ ነች እኩለ ሌሊት ላይ ትገባለች፣ እየከሳች ግማሽ ከሆነች እኩለ ሌሊት ገደማ ነው የምትወጣው፣ በየቀኑ ደሞ በአማካይ 50 ደቂቃ ትዘገያለች። ድሬ ሙቀቱ በረድ ሲል ውጭ ወንበር አውጥቶ ለሚቀመጥ ሰው፣ መብራት ሲጠፋ ደሞ በተለይ፣ ይሄ ሁሉ የሚታይ ነገር ነው።

ማስተካከያው ላይ ጠንቀቅ በል፣ እኔ ጋ ከሚመጡት ብዙዎቹ የሚሰበሩት እዚህ ጋ ነው። ያቺ ጣት ጥርሱን ይዛ እየገፋች ባለችበት ሰዓት አንተ ከውጭ ስትጫናት ወይ ጣቷ ትጣመማለች ወይ ጥርስ ይላጫል። የሰሪዎቹ መመሪያ ከማታ 9 እስከ ሌሊት 3 አትንኳት ይላል፣ ያ ግን በፈረንጅ ሰዓት ለሞላ ሰው ነው፣ በኛ የሞላህ ከሆነ ያ ቁጥር ያምታታሃል። ስለዚህ ሰማዩን ተወውና ሰዓቷን ራሷን ተመልከት፣ ቆጣሪውን ወደፊት አዙር፣ ቀኗ ስትዘል ታያለህ፣ ከዛ ስድስት ሰዓት ያህል ወደፊት አስኪዳት፣ አሁን ጣቷ ርቃለች። ጎኗ ላይ የምትጫን ትንሽ ቀዳዳ ካለች በስቲኪኒ እንጨት ተጫናት፣ በመርፌ አይሆንም፣ መርፌ ይንሸራተትና ጎኗን ይቧጭራታል። የባትሪ ከሆነች አብዛኞቹ መሙያዋ አንድ ደረጃ ሲሳብ በአንድ በኩል ቀኗን በሌላ በኩል ጨረቃዋን ይቀይራሉ። መጀመሪያ መስኮቷ መሃል ላይ ሙሉ ጨረቃ አድርጋት። ዕለቱ ሒጅራ 14 ከሆነ በቃ ጨርሰሃል፣ 20 ከሆነ ስድስት ጊዜ ጨምር፣ ከ14 በታች ከሆነ ግን ትንሽ ታገስና ስትሞላ አስተካክላት፣ ማታ ፀሐይ ስትገባ እሷ በምሥራቅ ብቅ ካለች ያ ቀን ነው። ከዛ ቆጣሪዎቹን ወደ ሰዓቱ መልስ፣ ወደፊት እንጂ ወደኋላ አታዙር።

በሐበሻ ሰዓት ለሚሞላ ሰው አንድ ደስ የምትል ነገር አለች። 12 የምትለው ጎህ ላይ ወይ መግሪብ ላይ ስለሆነ ቀኗ የምትዘልበትን አንተ መምረጥ ትችላለህ። መግሪብ ላይ እንድትዘል አድርገህ ከሞላሃት ጨረቃዋም ልክ የሒጅራ ቀን በሚለወጥበት ሰዓት አካባቢ ትራመዳለች። እኔ እንደዛ የሞላሁላቸው ሽማግሌዎች አሉ፣ ወላሂ እንዴት ደስ እንዳላቸው።

ረመዳንን ግን በሷ እንዳትወስን። ሁለቱም ጨረቃዎች ጉብታ ስር ገብተው መስኮቷ ባዶ ስትሆን የምታሳየው ጨረቃ ከፀሐይ ጋር የምትገናኝበትን ጊዜ ነው፣ ያኔ ማንም አያያትም። በዓይን የምትታየው ከዛ በኋላ፣ ብዙ ጊዜ በማግስቱ ማታ፣ አንዳንዴም በሦስተኛው ነው፣ ያ ደሞ ጨረቃዋ ፀሐይ ስትገባ ምን ያህል ከፍ እንዳለች፣ ደመናና አቧራው ላይ ይወሰናል። ሰዓቷ በቀን አንድ እርምጃ ናት፣ የግማሽ ቀን ልዩነት ሁሌም አለባት። እሷ ልትልህ የምትችለው ዛሬ ወይ ነገ ማታ ምዕራቡን ማየት ጀምር ነው፣ መግባቱን የሚናገረው አይቶ የመሰከረ ሰው ነው።

አጠባበቋን ላሳጥረው። ድሬ ስትመጣ ላብ አለ፣ ቆዳ ማሰሪያ ከሆነ ቶሎ ይበላል፣ በናይለን ወይ በብረት ቀይርላት። እነዛ የሚጫኑት ቀዳዳዎች ላብና አቧራ መግቢያ ናቸው፣ ውሃ የሚከለክሉት ላስቲኮቿ ካረጁ ውሃ አታስነካት፣ ለመታጠብም ለውዱእም አውልቃት። ማታ ማታ በለስላሳ ጨርቅ ጥረጋት። ዲስኳ ላይ ዘይት የሚያደርግ ጠጋኝ ካገኘህ አታሰራው፣ ዲስክ ዘይት አይቀባም፣ ዘይቱ ሰማያዊው ቀለም ላይ ተዘርግቶ ኮከቦቹን ያበላሻቸዋል፣ አቧራም ይሰበስባል።

አሁን ሁለት ዙር አዙራትና ምን እንዳደረገች ፃፍልኝ፣ የጀርባ ክዳኗ ላይ የተፃፈውንም ጨምርልኝ፣ የማሽኗን አይነት ከዛ አይቼ መሙያዋ ስንት ደረጃ እንደሚሳብ እነግርሃለሁ። ስትጫናት ጠቅ የማትል ከሆነ ግን አታስገድዳት፣ ምናልባት ስፕሪንጓ ከቦታዋ ወጥታ ይሆናል፣ እሷ ፊቷ ተነስቶ የምትመለስ ነገር ነች፣ ጥርስ ከተላጨ ግን ዲስኳን መለወጥ ነው የሚመጣው፣ ለአሮጌ ሰዓት ደሞ ዲስክ ማግኘት ይከብዳል።